ባዶ ነበር እኮ

ነስሪን፣

የጋዙ ሰውዬ ከምሳ በፊት ስለሚመጣ ባዶውን ሲሊንደር በር ላይ አውጪለት። የተነከረው ሽምብራ ለላብላቢ ሾርባ ነው፣ እንዳትደፊው።

ሳምንት ሙሉ የሰርቨሩ አውቶማቲክ ሙከራ በወደቀ ቁጥር "እንደገና አስጀምሪው፣ ያልፋል" ትይኛለሽ። አዎ፣ ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ይወድቃል። ደሜ ፈልቶ ዛሬ ከቁርስ በፊት ተቀመጥኩበትና አገኘሁት።

ጥፋቱ ኮዳችን ውስጥ ነፃ ፖርት የምትፈልገዋ ፈንክሽን ላይ ነው። ለሰርቨሩ ባዶ ፖርት፣ በይው ባዶ በር፣ ታገኝና ቁጥሩን ትሰጠናለች፣ በሩን ግን ትለቀዋለች። ሰርቨሩ እስኪነሳ ሌላ ሙከራ ዘው ይላል። ልክ እኔ መታጠቢያ ቤቱ ባዶ መሆኑን አይቼ ፎጣ ላመጣ ስሄድ አንቺ ዘው እንደምትዪው። ከውስጥ ሆነሽ ደግሞ "ባዶ ነበር እኮ" ትያለሽ።

አስተካክዬዋለሁ። ከእንግዲህ ሰርቨሩ ራሱ በሩን ይዞ ቁጥሩን ይነግረናል። እባክሽ አትንኪው።

ትናንት ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ይሄ የነስሪን ግዴለሽነት ነው" ብዬ ነበር።
ዛሬ ያቺን ፈንክሽን ማን እንደጻፋት የኮዱን መዝገብ ገልጬ አየሁ። ከተጻፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ያኔ አንቺ ገና አልተቀጠርሽም።
እኔ ግን ነበርኩ።

የዛሬው ስብሰባ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እንዳትቀሪ፣ ሰው ሁሉ ባለበት የምናገረው አለኝ።

ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው። ሙቅ ውሃውን አልነካሁትም። ፎጣሽን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሰቅዬልሻለሁ።

ሃጀር