ጎብኚ ፊት የተሰጣ ልብስ

ኮርዶባ፣ ግንቦት 8

ይድረስ ማድሪድ ለሚኖረው ወንድሜ፦

እንዴት ሰነበትክልኝ? ሚስትህና ልጆችህስ? ያ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ሶፋ ላይ ነው የምትውለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ ገና አልከዳኝም። ጎረቤቴ አንጉስቲያስ ሰላም በይልኝ ብላለች። ባሏ ኒካኖርም ሰላም ብሎሃል፤ እሱ እንኳ ጆሮው ስለከዳው ማንን ሰላም እንዳለ አያውቅም። አበቦቹም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ደህና ነበሩ። እሱን እመጣበታለሁ።

ሰላምታው ይብቃንና ወደ ነገሬ ልግባ። በቤልትራን እጅ የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። ቤቱ በሙሉ የጎብኚዎች ማደሪያ ይሁን፣ እኔ ደግሞ ከከተማው ዳር ወዳለው አዲስ ሕንፃ ልግባ፣ ለዚህም እዚህ ጋ ልፈርም። ሊፍት አለው አልከኝ፤ በስልክም ሊፍት፣ በወረቀቱም ሊፍት። እኔ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ መሬት ለመሬት ኖሬያለሁ። ወደ ላይ መውጫዬ ሲደርስ ደግሞ የሚወስደኝ ሊፍት እንዳልሆነ ቄሱም ያውቃሉ።

ፎቁን ለእንግዶች ላድርገው ስትለኝ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ፤ በዚያ አልጸጸትም። እንግዳ አልጠላም። ግንቦት በመጣ ቁጥር በራችንን ከፍተን፣ አበባችንን ለማያውቀን ሰው ስናሳይ ነው ያደግነው። ታች ያለችው የኔ ክፍል ግን ሌላ ነገር ናት። እናታችን ቤቱን ለሁለታችን ትታ ስለሞተች፣ ያለ ፊርማዬ ምንም እንደማታደርግ አንተም ጠበቃህም ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው ያ ማደሪያውን እንዲያስተዳድር የቀጠርከው ልጅ፣ ቤልትራን፣ ሰሞኑን እንደ ሙሽራ ወላጅ ደጅ የሚጠናኝ።

ቤልትራን ምን ብሎ እንደነገረህ አላጣሁትም። አሮጊቷ አብዳለች፣ የአበባ ግቢዎቹን ውድድር አበላሸችብን ብሎሃል። እስቲ አሁን ደግሞ ከአሮጊቷ ስማ።

የግንቦቱ የአበባ ግቢዎች በዓል ሊከፈት ሲል በአራት ቋንቋ የተጻፈ ማስታወቂያ አምጥቶ የብረት በሩ ላይ ለጠፈ። ከቁርሱ ሰዓት ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አበባ ጣሳ በታሰረበት ሸምበቆ ውሃ ሲጠጣ ማየት ይቻላል ይላል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት! በግንቦት፣ በኮርዶባ! ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ በዚያ ሰዓት ጄራኒየም አበባ ውሃ እንደማይነካው ያውቃል። ቅጠሉ ያርራል፤ ውሃ አጠጪውም ምሳውን በልቶ ተኝቷል። ልጁ ግን የማድሪድ ልጅ ነው፣ አበባ የሚያውቀው በሰርግ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መስኮቴን ዘግቼ ጋደም እንዳልኩ በሩ ተደበደበ። ስወጣ አንገታቸው በፀሐይ የቀላ አስራ አንድ ሰዎች ቆመዋል፤ ማስታወቂያውን በጣታቸው ያሳዩኛል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለሱ አልኳቸው፤ ጣቶቼንም ፀሐዩንም አሳየኋቸው፣ ገባቸው። ሊሄዱም ነበር። ቤልትራን ከፎቅ እየሮጠ ወረደና ስሜን በአክብሮት እየጠራ፣ ዶኛ ፉዌንሳንታ፣ ትንሽ ብቻ፣ ለፎቶ ብሎ ለመነኝ። ለፎቶ ብዬ አበባ አልገድልም አልኩት። እሱም ኩራቱ ተነካና ሸምበቆውን ራሱ አነሳው።

ሸምበቆው ጫፍ ላይ የታሰረችው ጣሳ ስትሞላ እንዴት እንደምትከብድ አንተ ታውቃለህ፤ በልጅነትህ ስንቴ ራስህ ላይ ደፍተሃታል። ቤልትራን ግማሹን አንዲት ቀይ ሸሚዝ የለበሰች ሴት ላይ ደፋው፣ ግማሹን ቅጠሉ ላይ። ሴትዮዋ ሙቀቱ በርትቶባት ነበርና ሳቀች። አበቦቹ ግን አልሳቁም። በማግስቱ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአበባ ረድፍ በሙሉ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ተኮማትሮ አገኘሁት። አለቀስኩ፤ አልዋሽህም። ከእነዚያ ውስጥ ግማሹ ከአንጉስቲያስ ግቢ ቅርንጫፍ ሰርቄ ያጸደቅኋቸው ነበሩ፤ እሷ ደግሞ ያንኑ ዘር ከእናታችን ሰርቃ ነበር። ቤልትራን ይቅርታ ጠየቀኝና በመኪና ሄዶ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ የሆነ አበባ ከነፕላስቲኩ ገዝቶ መጣ። አላስገባሁትም። ባዶው ረድፍ ባዶውን ይታይ አልኩ።

ከዚያ የሱን ማስታወቂያ ገንጥዬ የኔን ለጠፍኩ። ቃል በቃል ልጻፍልህ፦ «እንኳን ደህና መጣችሁ። ምሳ ከስምንት ሰዓት በፊት አትጠይቁ፤ እራት ደግሞ ከምሽቱ ሦስት በፊት የሚሰጣችሁ ካለ እሱ የኛ ሰው አይደለም። ማታ ሩዝ አትዘዙ፤ የምሳ ትራፊ ነው የሚሞቅላችሁ። የቲማቲም ሾርባችን ቀዝቃዛ ነው፣ አሙቁልን አትበሉ። ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል፤ በር አትደብድቡ፣ እናንተም ጥላ ፈልጋችሁ ተኙ። ግቢ ስትገቡ መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ከዚያ ፎቶ አንሱ። አበባ አትቁረጡ። የግድ ከቆረጣችሁ ሳላያችሁ ይሁን፤ የሚጸድቀው የተሰረቀው ነው።» አልተረጎምኩትም። ሰዉ ግን በስልኩ እያስተረጎመ እየሳቀ አነበበው፣ ሲገባም ሰላም አለኝ። ካንተ ቤልትራን ማስታወቂያ ይልቅ የኔው ሳይሻል አይቀርም።

ሐሙስ ዳኞቹ የሚመጡበት ቀን ነበር። ሰው የማይኖርበት ቤት እንደማይወዳደር ቤልትራን ያውቃል፤ ስለዚህ ያን ዕለት የምታስፈልገው እኔ ነበርኩ። ጥቁር ቀሚስ ልበሺ፣ ፀጉርሽ ላይ አበባ ሰኪ፣ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጭና ሲጠይቁሽ እዚሁ ነው የተወለድኩት በይ አለኝ። ይሁን፣ ይህስ ባልከፋ። ግን አበባውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው እጁ ያንተን ወረቀት ከነእስክሪብቶው ዘረጋልኝ። ዳኞቹ ሲሄዱ ትፈርሚያለሽ፣ ወንድምሽ ዛሬውኑ ይፈልገዋል አለኝ።

አየኸው ወንድሜ? ጠዋት የቤቱ ሰው ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ የቤቱ ዕቃ ነኝ። «የሚመጣው ዓመት ወንበሩ ላይ አሻንጉሊት ልታስቀምጡ ነው?» አልኩት።

ሐሙስ የማጥበው ልብስ አላጣም። ገንዳዬን አወጣሁ። ገመዱን ከሎሚው ዛፍ እስከ ደረጃው ብረት ወጥሬ አንሶላዬን፣ የሌሊት ልብሴን፣ ስሙን በደብዳቤ የማልጽፈውንም ሁሉ አሰጣሁት። ፎቅ ያሉት እንግዶች ያደሩበትን አንሶላም ጨመርኩበት። አንጉስቲያስ በግንቡ በኩል አጮልቃ አየችኝ።

«ጦርነት ነው እጥበት?» አለችኝ።

«ሁለቱም» አልኳት።

ወዲያው የራሷን ሳፋ ይዛ መጣች። የኒካኖርን ረጅም የክረምት ሱሪዎች መሀሉ ላይ፣ ልክ ሰው ከበሩ ሲገባ አፍንጫው በሚነካበት ቦታ አሰጣቻቸው። በሩ ሲከፈት ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዕዘን ደርሶ ነበር። ሰዉ አንሶላ እየገለጠ፣ ጎንበስ እያለ ገባ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ በምን ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም፣ እናቱም እንዲህ ታሰጣ እንደነበር በምልክት ሊነግረኝ ሞክሮ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቤልትራን ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ፤ ፊቱ ከአንሶላዬ የበለጠ ነጥቶ ነበር።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። በዕድሜ የምትበልጠው ሴት በኒካኖር ሱሪ ስር ሾልካ መጣችና ገንዳዬን፣ የነጣውን እጄን፣ ባዶውን ረድፍ አየች። «እዚህ ቤት ሰው ይኖራል» አለችና ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ሽልማቱን ግን አላገኘንም። ስለ ተቃጠለው ረድፍ ነጥብ ቀነሱብን፤ ትክክል ናቸው፣ እኔም ብሆን እቀንስ ነበር። ቤልትራን ያንተን የፊርማ ወረቀት በዚያው ምሽት ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ።

እንግዲህ አሁን ለምን እንደማልፈርም ልንገርህ። ለእናታችን የማልኩላት ነገር አለ፤ መሐላዬንም አላፈርስም። በዓይኔ ያየሁትን ግን አትጻፊ ያለኝ የለም።

ከዚህ ቤት ውጪ ስባል ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። አስራ ስምንት ዓመቴ ነበር። በዚያ ግንቦት አንድ ጎብኚ መጣ፤ ካርታ እንጂ ባርኔጣ አልያዘም ነበር። ውሃ ለመነኝ፣ ቀዳሁለት። ፀሐይ ሲነካው አንገቱና ጆሮው እንደ በርበሬ ይቀላና ትከሻው ላይ ነጠብጣብ ይወጣበታል። አንተም እንዲሁ ትሆናለህ። ከዘመዶቻችን ከማን ወረስኩት እያልክ ስትጠይቅ እናታችን ሁልጊዜ ወጥ ቤት የረሳችው ነገር ትዝ ይላት ነበር። ሰውዬው ሁለት ሳምንት ሰነበተ፤ ሄደ፤ አልጻፈም። እኔም ስሙን ለማንም አልነገርኩም፣ አሁንም አልነግርም። እሱን እየጠበቅሁ የኖርኩ እንዳይመስልህ፤ የምጠብቀው ሌላ ነበረኝ።

አባታችን ጀርመን አገር ፋብሪካ ነበር፤ በዚያው ወር መጨረሻ ለፈቃድ መጥቶ ተመልሷል። በመስከረም እናታችን ሻንጣዬን አዘጋጀች። ሴቪያ ከተማ ሴት መነኮሳቱ ጋ ትሄጃለሽ፣ ስትጨርሺ ብቻሽን ትመለሻለሽ፣ ማንም አያውቅም አለችኝ። እኔ ያን የብረት በር በሁለት እጄ ያዝኩት። «አልወጣም» አልኳት። «ካስወጣሽኝ ከዚህ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ እየጮህኩ ነው የምሄደው።» እናታችንን ታውቃታለህ፣ ከሲኦል ይልቅ ጎረቤት ነበር የሚያስፈራት። ቆማ አየችኝ፣ ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ሻንጣውን ራሷ አንስታ መለሰችው።

ያን ክረምት እኔ ሳንባዋን ታማለች ተባልኩ፤ መስኮቴ ከጥቅምት ጀምሮ ተዘጋ። እናታችን ደግሞ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እየወፈረች መጣች። ሰዉ ሁሉ፣ ባሏ ለፈቃድ በመጣ ጊዜ ነው እያለ በጣቱ ወር እየቆጠረ ሳቀላት። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ውፍረቷን አውልቃ ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች።

አንተ የተወለድከው በየካቲት፣ ዝናብ በሚጥልበት ከሰዓት በኋላ ነው። በዚህ ክፍል፣ አሁን ተቀምጬ በምጽፍልህ አልጋ ላይ። እናታችን ያን ሰዓት ወጥ ቤት ነበረች፤ ከዚህ ክፍል ድምፅ እንዳይሰማ ድስት በድስት ላይ ታንኳኳ ነበር። ነፍሷን ይማርና፣ አዋላጅ የነበረችው የአንጉስቲያስ እናት ናት ቀድማ ያቀፈችህ። ከዚያ አንሶላው ተቀየረ፤ እናታችን መጥታ አልጋው ላይ ተኛች፣ እኔ ተነሳሁ። ጎረቤቶች ገቡ። እንኳን ማርያም ማረችሽ እያሉ ሲስሟት እኔ ቆሜ ወይን እቀዳላቸው ነበር። አንድ ብርጭቆ ሰበርኩ፤ አንዲቷ ሴትዮ፣ ይቺ ልጅ ሕመሟ ገና አልለቀቃትም አለች።

ወረቀትህ ይህን ክፍል «ቁጥር አራት» ይለዋል። ሳልፈርም መልሼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ክሰሰኝ፣ ተቆጣኝ፣ ቤልትራንን አስር ጊዜ ላከው፤ እኔ ያኔም በሩን አልለቀቅሁም፣ አሁንም አልለቅም። ማንም እንግዳ ፎቅ ላይ ይደር፣ ደስ ይለኛል፤ ታች ግን እኔ አለሁ። አንተ ስትመጣ ደግሞ ያለ ወረቀት ና፣ በግንቦት ከሆነም ባርኔጣ አድርግ።

ፈጣሪ ወገብህን ይማርልህ። ሚስትህን ያኑርልህ፣ ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ፤ ሁለቱንም በኔ ስም አገላብጠህ ሳምልኝ። አንተንም ሃምሳ ሁለት ዓመት እንደጠበቀህ ይጠብቅህ፤ አንድም ቀን ሳልለምነው አድሬ አላውቅም።

በመዝገቡ መሠረት፣
እህትህ