የስልሳ አንዱ ገጾች ነገር

የካቲት 10

ልጄ ስልሳ አንድ ገጾቼን ዘጋችብኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ብሮውዘሩ ላይ ከፍቼ ያቆየኋቸው የስፌት መኪና ሥዕሎች... ማንም ሳያስተምረኝ በነሱ እያየሁ ነው የምጠግነው። ትናንት እሁድ በስምንት ሰዓት መጣች፣ ጠረጴዛዬን ወለወለች፣ ሄደች። ማታ ስከፍት ባዶ። "መልሰህ ክፈት" የሚለውን ብጫን አንዲት ገጽ ብቻ መጣች።

ደወልኩላት።

"አባዬ፣ እኔ አቧራ ነው የጠረግኩት።"

"አቧራ ገጽ ይዘጋል?"

"ካላመንከኝ ምን ልበልህ?" ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

የካቲት 12

ለብሮውዘሩ ሠሪዎች ጻፍኩ። የማሻሻያ ሐሳብ የሚቀበሉበት ቦታ አላቸው። አንደኛ፣ ገጽ ከመዘጋቱ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ የተዘጋው ሁሉ ማን፣ መቼ እንደዘጋው ተጽፎ ይታይ። ሰላምታ አላበዛሁም። የሰው መኪና ስጠግን አበባ አላስርበትም።

የካቲት 17

አንዱ ሠራተኛቸው መለሰ። "ጌታዬ፣ ፕሮግራሙ ይጠይቃል። 'ሁለተኛ አትጠይቀኝ' የሚለው ላይ ምልክት ካላደረጉ በቀር።"

አድርጌያለሁ። አንድ ነገር ሁለቴ የሚጠይቀኝ አልወድም።

ሁለተኛውን ሐሳቤን ግን ተቀበለ። ማን እንደዘጋው ማወቅ አይቻልም፤ ሰዓቱ ግን ድሮም ይመዘገባል፣ አይታይም እንጂ። በሚቀጥለው እትም እንዲታይ ያደርጋሉ። ይበቃኛል። ስምንት ሰዓት እንደሚል አውቃለሁ።

የካቲት 23

እሁድ። አልመጣችም። ባለፈውም አልመጣችም።

መጋቢት 7

አራተኛ እሁድ። ሚስቴ ሦስት ሳህን አውጥታ አንዱን መለሰችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ለማይጨበጥ ወረቀት ብለህ ልጄን አባረርክብኝ።"

"ይቅርታ ትጠይቅና ትምጣ።"

"ካላጠፋችስ?"

"አጥፍታለች።"

"ያንተ አንገት በመፍቻም አይዞር!"

ማንኪያዬን አነሳሁ። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር።

መጋቢት 19

አዲሱ እትም መጣ። ስልሳ አንዱም ገጾች ተደርድረው፣ በየጎናቸው ቀንና ሰዓት። የካቲት 9፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ሁሉም ባንድ ደቂቃ።

ጠዋት? ልጄ ገና መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ሥራ ላይ ነበረች። ሚስቴ ገበያ ሄዳ ነበር። ቤት ውስጥ ማን ቀረ?

የኮምፒውተሩ ሰዓት ተዛብቶ ይሆናል ብዬ ከግድግዳው ጋር አስተያየሁት። ልክ ነው።

ያን ጠዋት የጎረቤታችንን መኪና ጨርሼ ደክሞኝ ነበር። መነጽሬን አውልቄ... ጥግ ላይ ያለችውን የመዝጊያ ምልክት ተጫንኩ። አሁን ትዝ አለኝ።

ገጾቹን መለስኳቸው። ደስ አላለኝም።

መጋቢት 20

ወደ ልጄ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ተራ ያዝኩ፤ ከፊቴ አምስት ሰው ነበር።

"አባዬ! አመመህ እንዴ?"

"አላመመኝም። ገጾቹን የዘጋሽው አንቺ አይደለሽም።"

"ማን ነው ታዲያ?"

"...እኔ።"

"ጮክ በል፣ አልሰማሁም።"

"እኔ ነኝ አልኩሽ!"

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላዬ ያለች ሴትዮ "ይቅርታ ይበሏት እንጂ አባባ" አለችኝ። ምን አገባት? ብቻ... አልኩ። "ይቅርታ" አልኳት ልጄን። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። "ነገ እመጣለሁ። አሁን ሂድልኝ፣ ሰው አስቆምክብኝ።"

ይህን ነገር ከዛሬ ወዲያ በአፌም በብዕሬም አላነሳውም። ነገ ማዕድ ላይ ሚስቴ ካነሳችው፣ ሳህኔን ይዤ እወጣለሁ።