የነያለው ደጃፍ ሳማ

የካቲት 13 ቀን 1966
ወርቂቱ፣ ዛሬም ትምህርት የለም። አስተማሪዎቹ አድማ ላይ ናቸው። እማ የእርዳታ ሰልፍ ላይ ውላ ትንሽ ስንዴና አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዛ መጣች። ደስ ይልሽ ነበር…
ጀምበር ስትገባ ታናሻችን አልታዬ ከበርጩማው ጋር ተጋጨች። ቀጥሎ ከምሰሶው። አምስት ዓመቷ ነው፤ ቤቱን ታውቀዋለች። «ማነው ኩራዙን ያጠፋው?» አለች። ኩራዝ ገና አልበራም ነበር። ለእኛ ግን ይታየን ነበር።
አንቺም ከመሞትሽ በፊት እንዲህ ትደናበሪ ነበር። እኔ ግን «እህቴ፣ ጠላ የት አገኘሽ?» እያልኩ ስስቅብሽ…

የካቲት 14
አልታዬን አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ ጋሼ አድማሴ ዓይኗን ገልጠው አዩ።
«ዳፍንት ነው። ችላ ከተባለ ትታወራለች። ክኒኑ አልቋል፤ ጉበት አብሏት።»
«ከብት የታለ፣ ጋሼ?»
«እንግዲያው ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል። ውሃውን አትድፉት። ዘይት ጠብ አድርጉበት። ሰውነትም እንደ ብረት ይዝጋል፤ ቅጠል ዝገቱን ይመክታል» አሉኝ።
ቅጠል… በዚህ ድርቅ ከየት?

የካቲት 15
ገበያ ላይ ጎመን የለም። አረንጓዴ ያየሁት የነያለው ቤት ጋ ብቻ። ሰዎቹ አምና በረሃብ አልቀው ቤቱ ፈርሷል። ደጃፉን ሳማ ወርሶታል። እጄን በጆንያ ጠቅልዬ አጨድኩ።
እማ ገና ስታየኝ ጮኸች። «ከጠፋ ቤት የበቀለ ሳማ ታገባብኛለህ? የኛም ደጅ ሳማ እንዲበቅልበት ነው? አንዷን የቀበርኩት አይበቃኝም?»
«እማ፣ አልታዬ ትታወራለች።»
«ጣለው አልኩህ!»
ከበር መለስኩት። አልጣልኩትም።

የካቲት 16
ከጓሮ ጉልቻ ጎልቼ፣ ድስት ጥጄ ቀቀልኩት።
«ይናከሳል?» አለች አልታዬ።
«ሲበስል ጥርሱ ይረግፋል።»
ስቃ በላች። እማ አይታናለች። አልከለከለችንም።

የካቲት 27
በየቀኑ አጭዳለሁ። እጄ አብጧል። ለውጥ የለም… ጋሼ አድማሴ ሊያጽናኑኝ ብለው ቢሆንስ? ይሁን። ነገም አጭዳለሁ።

መጋቢት 9
ዛሬ ጀምበር ከገባች በኋላ አልታዬ «እማ፣ ነጠላሽ ተቀዷል» አለች።
እማ ቀዳዳውን በጣቷ ፈለገች። አገኘችውና አለቀሰች። ከዚያ ወጥታ የሳማውን ድስት ከጓሮ አነሳች፤ ወደ ቤት አገባችው።

መጋቢት 17
እማና አልታዬ የዘር እህል ተሰጥቷቸው ዛሬ በድርቁ ጥለነው ወደመጣነው የገጠር እርሻችን ተመለሱ። ትምህርት ስለተከፈተ እኔ ቀረሁ።

መጋቢት 18
ቤቱ ዝም ብሏል፣ ወርቂቱ። ሳልቀመጥ ወጣሁ።
ጎረቤታችን እትዬ ድንቅነሽ ማታ ማታ ልጇን እጁን ይዛ ስትመራው ሳይ ሰንብቻለሁ። እኛም ልጃችን ጤነኛ ናት እያልን ዳፍንቱን እንደደበቅነው፣ እሷም ትደብቀዋለች። ሳማ አጭጄ ደጇ ቆምኩ።
«ከየት ያመጣኸው ነው?» አለችኝ።
መዋሸት እችል ነበር።
«ከነያለው ደጃፍ።»
ፊቷን አዞረች። አልሄድኩም። ልጇ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። እዚያው ደፏ ላይ ተቀምጬ ቅጠሉን መቀንጠስ ጀመርኩ።