ፍሬን ጠይቄህ ሞተር ሰጠኸኝ

ቢቸና፣ ኅዳር 13 ቀን

ውድ ወንድሜ ስጦታው፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብለው ስላስተማሩን ነው እንጂ፣ ንዴቴስ በሌላ ስም ነበር የሚጠራህ። ስልክህን ከዘጋህ አራት ቀን ሆነ። ዝጋው። ወረቀት አይዘጋም። ይህንን የሞጣው አውቶቡስ ሹፌር ገላው በእጅህ ይሰጥሃል፤ አልቀበልም ካልክ ጋራዥህ በር ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደራ ብዬዋለሁ። ድምፁን ታውቀዋለህ፣ መነኻሪያ ሙሉ ሰው ይሰማዋል።

እማ ደህና ናት። ይህን ሳታውቅ ሌላውን እንደማታነብ ስለማውቅ ነው ቀድሜ የነገርኩህ። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። ሊጠይቃት ለሚመጣ ሁሉ «ማማተቢያዬን ሰበረብኝ እኮ፣ በግራዬ ላማትብ እንዴ?» ትላለች። ሰዉ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን ከመጀመሪያው እንነጋገር፤ አንተ ለጓደኞችህ የምታወራው ሌላ እንደሚሆን አላጣሁትም። ኅዳር ስድስት እማን ለጊዮርጊስ ንግሥ ይዣት ሞጣ ስገባ፣ የአባባን ቮልስ ጋራዥህ አቁሜ ምን አልኩህ? «ፍሬኗ እየሰጠመ ነው፣ ሦስቴ ካልረገጥኩት አይዝም። ሸራውን ቀይርልኝና ሌላ ምንም እንዳትነካ» አላልኩህም? አንተስ «እሺ እትዬ፣ ምን ጣጣ አለው» አላልከኝም?

በሦስተኛው ቀን ልወስዳት ስመጣ ጋራዥህ ሰርግ ቤት መስሏል። ጓደኞችህ ተሰልፈው ቆመዋል። የሥራ ባልደረባህ አምላኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይስቃል። አንተ የኋላ ኮፈኗን ብድግ አድርገህ «ነይ እዪ!» አልከኝ። ሳይ፣ የማላውቀው ሞተር ተጎልቷል፣ እንደ ሙሽራ ቀለበት እያብረቀረቀ።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩህ።

«አንድ ሺ ስድስት መቶ ሲሲ ነዋ! ኦቨርሆል የተደረገ፣ አዲስ በይው። የአባባ አንድ ሺ ሁለት መቶ ነበር። አቀበት ላይ አህያ እየቀደመሽ እስከ መቼ ትኖሪያለሽ?»

«ፍሬኑስ?»

«ጠበቅ አድርጌዋለሁ። ለአሁኑ ይበቃሻል፣ እትዬ።»

አምላኩም ከወዲያ ሆኖ፣ «እትዬ ስርጉት፣ ከእንግዲህ ሚኒባስ ሁሉ አቧራሽን ሲቅም ይዋል!» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የኔን ድርሻ አልደብቅም፤ ገና ከጋራዡ ስወጣ ፍሬኑን ረግጬው ልስልስ ብሎብኛል። ግን ያን ሁሉ ሰው አቁመህ ልብህ ሞልቶ ሳይ፣ ላሳፍርህ አልፈለግሁም። ከዚያ ደግሞ አቀበቱን ስትወጣው፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። እማ ከጎኔ ሆና «ኧረ ይች በቅሎ ነበረች፣ ፈረስ ሆነች!» ስትል እግሬን ጨመር አደረግሁበት።

ደብረ ወርቅን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ ነው። በአባባ ሞተር በሦስተኛ ማርሽ እየተንቀራፈፍን የምንወርደውን፣ ሳላውቀው በአራተኛ እየበረርኩ ነበር። ከፊቴ ከብት መንገዱን ሞልቶ ይሻገራል። ረገጥኩ። ወለሉ ድረስ ገባ። ደገምኩት፣ ሠለስኩት፣ ባዶ ነው። የእጅ ፍሬኑን ብጎትተው ገመዱ እንደ ክር ተከተለኝ። እማ «ጊዮርጊስ!» አለች። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩትና የሰው ጤፍ ክምር ውስጥ ተሸጎጥን። ባለ ጤፉ ዱላውን ይዞ እየተሳደበ መጣ፤ እማን ሲያያት ዱላውን ጥሎ ከነዶው ውስጥ አቅፎ አወጣት። ከክምሩ ወዲያ ምን እንዳለ ታውቀዋለህ። ስንመላለስበት ያደግነው መንገድ ነው፣ ገደሉን አላስረዳህም።

ከሆስፒታል ደውዬ «ፍሬኑ ከዳን፣ እማ ተሰብራለች» ስልህ ሰምተኸኛል። ትንፋሽህን እሰማለሁ። ከዚያ ዘጋኸው።

ፍሬን ጠይቄህ ሞተር ሰጠኸኝ፣ ስጦታው! ይህ ደግሞ የመጀመሪያህ ቢሆን ባልተንገበገብኩ። አባባ የታመሙ ጊዜ «ና፣ ስምህን እየጠሩ ነው» ብዬ ብልክብህ አንተ ቀረህ፣ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን መጣ። ሰፈሩ ሁሉ «ወንድ ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አደነቀልህ። አባባ ግን ተደግፈው ቀና አሉና ትክ ብለው አይተውት፣ «ስጦታው በዚህ ውስጥ ይታያል?» አሉኝ። «አይታይም፣ አባባ» አልኳቸው። «እንግዲያው አጥፊው» አሉ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። እንዳይቆጭህ ብዬ ነበር። አሁን ይቆጭህ።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን በገላው አውቶቡስ ሞጣ መጥቼልህ ነበር። ልጮህብህ ነው የመጣሁት፣ ምን እደብቅሃለሁ። ከቀራንዮ ጀምሮ የምሰድብህን ስድብ በተራ በተራ እያጠናሁ ስመጣ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ «ውዳሴ ማርያም ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። አንተ ግን የለህም። አምላኩ ብቻውን ነው።

«የአባቴን ሞተር ለማን ሸጠው?» ብዬ አነቅሁት። «ለውኃ መሳቢያ ነው? ለወፍጮ ነው? ተናገር!»

አምላኩ ቁልፍ አነሳ። ቀስ ብሎ ከጋራዡ ጀርባ ያለውን መኝታህን ከፈተልኝ።

ከአልጋህ ራስጌ፣ ሳንቃ ላይ፣ ካፖርት የለበሰ ነገር ተቀምጧል። ካፖርቱን አወቅሁት። አባባ በድሬሰርነታቸው ዘመን ሌሊት ለምጥ ሲጠሩ የሚደርቡት፣ ከተዝካሩ ወዲህ «ሌባ ወሰደው» ብለን የተውነው ነው። ገለጥኩት። ትንሹ ሞተር፣ ቅባት የሚባል ሳይቀርበት ታጥቦ ቁጭ ብሏል።

«ያወጣው ዕለት በነዳጅ አጠበው» አለ አምላኩ። «ከዚያ ባትሪ አገናኝቶ አስነሳውና እኛን አስወጥቶን ብቻውን ተቀምጦ ሲያዳምጥ ነበር። ዓይኑ ቀልቶ ሲወጣ ‹ጭሱ ነው› አለን።»

ያጠናሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ። ለጊዜው ነው የጠፋኝ፤ መልሼ አግኝቼዋለሁ።

አባባ ሊሞቱ ሲሉ «መኪናዋ ለስርጉት ትሁን» ብለው ሲናዘዙ፣ አንተ በመጨረሻው ቀን ደርሰህ በሩ አጠገብ ቆመህ «ይሁን» አልክ። መኪና ፈቶ የሚገጥመው ልጅ አንተ ነህ፤ መኪናዋ ግን ለኔ ሆነች። ሁለት ዓመት ሐኪም ቤት እያመላለስኳቸው ስለከረምኩ ነው እንጂ አንተን ጠልተው አልነበረም። ያን «ይሁን» ሰምቼዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነም ገብቶኝ ነበር። አልሰማሁም ብዬ አለፍኩት፣ መኪናዋን ስለምወዳት። ይህ የኔ ኃጢአት ነው።

ያንተ ግን ይብሳል! ሞተሩ ካማረህ አፍ የለህም? «እትዬ፣ የአባባን ሞተር ስጪኝ» ብትል እምቢ እልህ ነበር? ዕቃ በዕቃ እንደሚለውጥ ነጋዴ፣ ትልቁን አስገብተህ ትንሹን ካፖርት አልብሰህ ደበቅከው። የሞተውን አባትህን ስታዳምጥ በሕይወት ያለችውን እናትህን ያለ ፍሬን ሰደድካት። ሀዘንህ ሀዘን ነው፣ አልነቅፈውም፤ ግን ባትሪ አገናኝተህ ያዳመጥክበት ሰዓት ሸራውን ይቀይር ነበር።

ፍርዴን ስማ። ሞተሩ ያንተ ነው፤ ካፖርቱም። ከእንግዲህ መደበቅ የለም። ሊብሬው ላይ የሰፈረው የአባባ ሞተር ቁጥር ነውና፣ ትራፊክ ሲያስቆመኝ «ሞተሩ ሞጣ ካፖርት ለብሶ ተኝቷል» ልለው አልችልም፤ አብረን ሄደን እናስለውጣለን። እሑድ በገላው አውቶቡስ ትመጣለህ። የአራቱንም ጎማ የፍሬን ሸራ ትይዛለህ፣ የእጅ ፍሬኑንም ገመድ። ሌላ ምንም እንዳታመጣ። ለእማ ወንበር፣ ለኔ ስልክ ገዝተህ ብትመጣ ከነዕቃህ ነው የምመልስህ። ባለ ጤፉም ክምሩን መልሶ የሚከምርለት ሰው እየጠበቀ ነው፤ ወንድሜ ይመጣል ብዬዋለሁ፣ እንዳታስዋሸኝ።

እማን «ስጦታውን ምን ልበልልሽ?» ብላት፣ «ሞተሩስ ደግ ነበር፤ ፍሬን የሌለው ልጄ ነው። ይምጣ በይው» አለች።

ቮልሷን አይሱዙ ጎትቶ አምጥቶልን ግቢው ውስጥ፣ ተዳፋቱ ላይ ቆማለች። እንዳትንሸራተት ጎማዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ አድርጌያለሁ። የጎረቤት ሰው ድንጋዩን ላንሳልሽ፣ ወደ ሜዳው እናውርዳት ቢለኝ ከልክዬዋለሁ። ያን ድንጋይ የምታነሳው አንተ ነህ።

እስክትመጣ ድረስ የተቆጣሁት
እህትህ ስርጉት ወልደ ኪዳን