ጀበል ሃፊት ላይ ስለተቋረጠው ለቅሶ

ይድረስ ለክቡር አቶ በላይ ገብረ ሕይወት፣
የአቡዳቢ የወንዝ ልጆች ማኅበር የሚሊኒየም ጉዞ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ኮሚቴዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይልቁንም ጉሮሮዎ እንደምን አለ? ጥር 2 ቀን ጀበል ሃፊት ተራራ ላይ በድምፅ ማጉያ ብዙ ስለደከሙ እስከ ዛሬ ሲያሳስበኝ ቆይቷል። እኔ በሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ፣ በልጄ ቤት፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት እርስዎም የተናገሩትን ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ስለተናገሩ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝና፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረቤን ይታገሡኝ።

፩. ስለ ፕሮግራሙ አመሰግናለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከአል መቅጣዕ መነሣት፣ 3፡30 አል አይን ደርሶ ተራራው አናት ላይ መውጣት፣ ከዚያ ፎቶግራፍ፣ ከዚያ «ተፈጥሮን ማድነቅ፣ 15 ደቂቃ» ይላል። ተፈጥሮን በአሥራ አምስት ደቂቃ አድንቆ የሚጨርስ ኮሚቴ በዘመኔ ገጥሞኝ አያውቅም። አውቶቡሱም ንጹሕ ነበር። ዓርብ ስለሆነም የጾም ምግብ ለይታችሁ አምጥታችኋል፤ ይህን ያለ አሽሙር አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ዓለምነሽ። ይህቺ ልጅ ከልጄ ቤት አጠገብ ባለው ቪላ ልጆች የምታሳድግ፣ የደባርቅ ተወላጅ ናት። የአባቷን መርዶ በኅዳር ወር፣ ልብስ እየተኮሰች፣ በስልክ ሰማች። ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ «ኸላስ፣ በቃ፣ ዓለም፣ ኸላስ፣ ልጆቹ ይደነግጣሉ» ብላ ፓናዶል ሰጠቻት። የምትተኛው ከልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ስለሆነ ሌሊትም ቢሆን አፏን በትራስ ይዛ ነው ያለቀሰችው። እንባዋ ወጥቷል፣ ድምፅዋ ግን አልወጣም። የጉዞውን ማስታወቂያ ባየች ጊዜ በአጥር በር ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ተራራ ላይ ጮክ ብለው ቢጣሩ ሰው ይሰማል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ልጄን ጠይቄ፣ ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ በበረሃው በኩል ሰው እንደማይኖር አረጋግጬ ነገርኳት። በሁለት ዓመት ውስጥ የተፈቀደላት አንድ ቀን ይህ ነበር። ለመዝናናት የተመዘገቡት አርባ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እርሷ አርባ ሦስተኛዋ፣ አባቷን ልታለቅስ ነው የመጣችው።

፫. ስለ ድምፅ ማጉያው። ዓለምነሽ ነጠላዋን አገልድማ ከመኪና ማቆሚያው ግንብ ወዲያ ስትወርድ አብረውን የተጓዙት ሸዋዬና ፋጡሜ ተከተሏት። የወሎዋ ፋጡሜ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት ሙስሊም ናት፤ ነገር ግን «እኛ አገር ለቅሶ ቤት ሃይማኖት አይጠየቅም፣ ቀድሜ ላውጣላት» ብላ ሙሾውን የጀመረችው እርሷ ናት። አጠገባቸው መኪና ያቆመ አንድ የማናውቀው ዐረብ ሽማግሌ፣ ቋንቋችንን ሳይሰማ ነገሩ ገብቶት፣ ራዲዮኑን ዘጋና ልጆቹን ወደ መኪናው አስገባ። ዓለምነሽ ቀና ብላ «አባዬ!» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። ይህን በትክክል የማስታውሰው ከተራራው ገደል ድምፅዋ ሲመለስ ሁላችንም ስለሰማነው ነው።

ሁለተኛውን ልትጣራ አፏን ስትከፍት የእርስዎ ድምፅ ቀደማት። «እኅቶች! እባካችሁ ፕሮግራም አታበላሹ! የመጣነው ለመዝናናት ነው፣ ሐዘኑን ቤት ታድርገው! የሰው አገር ነው፣ ምን ይሉናል!» ምን ይሉናል ላሉት፣ የሰው አገር ሰው ምን እንዳለ ከላይ ጽፌልዎታለሁ፤ ራዲዮኑን ዘጋ። እርስዎ ለመዝናኛ የተከፈተውን ዘፈን ድምፅ ከፍ አደረጉ። ሸዋዬ «ጋሽ በላይ፣ ቤት የት አላት?» ብላ የጠየቀችዎትን ጥያቄ ምናልባት በዘፈኑ ምክንያት አልሰሙት ይሆናልና፣ እዚህ በጽሑፍ ደግሜዋለሁ።

፬. ስለ ቪሲዲው። ጉዞውን ለቪሲዲ የሚቀርጸው ቴዲ ካሜራውን ይዞ ሲመጣ፣ «ሁሉም ፈገግ ይበል፣ ሁሉም ያጨብጭብ፣ የሚሊኒየም መታሰቢያ ነው» ብለው አዘዙ። ዓለምነሽ ታዛዥ ልጅ ናት፤ መታዘዝ ሥራዋ ነው። ነጠላዋን ፈታች፣ ፈገግ አለች፣ አጨበጨበች። ቪሲዲውም ለትንሣኤ አገር በሚገቡ ሰዎች እጅ በየከተማው ተልኮ፣ ኮሚቴው እንደ ተመኘው፣ ደባርቅ ድረስ ደረሰ። ዘመድ ጎረቤት በተሰበሰበበት እናቷ ፊት ተከፈተ። ወንድሟ ደውሎ እንደ ነገራት፣ እናቲቱ አልተቆጡም። ልጃቸው ስታጨበጭብ እስከ መጨረሻው አዩና ወደ ልጆቻቸው ዞረው፣ «አባቷ መሞቱን አልነገራችኋትም እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ዓለምነሽ ከዚያ ስልክ በኋላ ወደ አገር ቤት አልደወለችም። ቀጥ ብላ ትሠራለች፣ ሰላምታ ስሰጣትም ትመልስልኛለች። ማዳሟ ሌላ ቀን እንድትፈቅድላት ልጄ ሄዳ ለምናታለች፤ «ተራራውን አይታው የለም ወይ?» የሚል መልስ ተሰጥቷታል።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮሚቴዎ ማኅተም አለው፤ በፕሮግራሙ ላይ ሁለት ቦታ አርፎ አይቼዋለሁ። በዚያ ማኅተም፣ በእርስዎ ፊርማ፣ ደባርቅ ለሚገኙት ለእናቷ ለወይዘሮ ብርቅነሽ አንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ነው። ልጃቸው አባቷን ማልቀስ መጀመሯን፣ በኮሚቴው ትእዛዝ መቋረጡን፣ ጭብጨባውም በትእዛዝ የተፈጸመ መሆኑን ይግለጽ። እኔ ብጽፍላቸው፣ ለልጅቷ አዝኜ የምዋሽ ይመስላቸዋል፤ ማኅተም ግን ያምናሉ።

ለሚቀጥለው ጉዞ መልካሙን ሁሉ፣ ለድምፅ ማጉያዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ የኮሚቴዎን ውለታ ተራራ በሌለበት ሜዳ ላይ እንኳ የማልረሳ፣
አክባሪዎ ተክሌ ወንድይፍራው፣ ጡረተኛ መምህር
ሰኔ 2000 ዓ.ም.፣ አቡዳቢ

ማስታወሻ፦ በዚያ ቀን የስም መጥሪያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዘፈኑን ዝጉት ማለት ሲገባኝ ሰዓቴን አየሁ። ስንመለስ አውቶቡሱ በር ላይ ስም ጠራሁ፤ «ዓለምነሽ» ስል «አቤት» አለች፣ እኔም «ተመልሳለች» ብዬ ምልክት አደረግሁ። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ስይዝ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም። ለኮሚቴው በሚቀርበው ሪፖርት ላይ «የሄዱ 43፣ የተመለሱ 42» ተብሎ እንዲታረም እጠይቃለሁ።