በቸኮላታ የተጻፉ ስምንት ፊደሎች

ለልጄ ለውብነሽ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ አልልሽም፤ ጤና የሚጠየቀው በሕይወት ላለ ነው። ከተለያየን ሰባት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ አምና ድረስ ልጽፍልሽ ብፈልግም ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ለማጻፍ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ማመልከቻ የሚጽፉት አቶ ወልዴ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ፤ ያልኩትን ይጻፉ ያላልኩትን በምን አውቃለሁ? አሁን በገዛ እጄ ነው የምጽፍልሽ። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ምን እንደሆኑ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። አስቀድሜ ግን ዋናውን ልናገር፤ ሽማግሌዎቹ አንቺን ሊጠይቁ የመጡ ቀን ፒዛው ላይ ያስጻፍሽኝን በመጨረሻ አነበብኩት።

ቤቱን ብታይው አታውቂውም። ከኋላችን የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አጠና ሆኖ ተሸጠ። ከጓሮ ስቆም ወደ ጦር ኃይሎች የሚወስደውን መንገድ አቧራ አያለሁ። መብራት ገብቶልናል። አንቺ በክረምት በጭቃ እየተንሸራተትሽ የምትወርጂው ፌርማታ አሁን ቀርቦ ደጃችን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ጎረቤታችን ድንቄ ሬዲዮ ገዝታ ሰፈሩን ታደነቁራለች። ያልተለወጠው የምንጋግርበት ላሜራ ብቻ ነው፤ ዛሬም ከሥር ፍም፣ ከላይ ፍም፣ መሐሉ ላይ ክቡ ትሪ። ትኩስ ትሪ የምታነሺበት ጨርቅ ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አጥቤው አላውቅም። አንዳንድ ቀን ግን ጠዋት ስነካው ሞቆ አገኘው ነበር።

ከአምስተኛ ክፍል ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ። አባትሽ ሲሞት ጣልያኖቹ ቤት በገረድነት ያስገባሁሽም እኔ ነኝ። ይህን ለማስተባበል አልጽፍም። አንድ ቀን ከእመቤትሽ ከሲኞራዋ ቤት ካካዎ በወረቀት ቋጥረሽ መጣሽና «እማዬ፣ ዛሬ ለልደት የመጡትን ልጆች ፒዛ ነው ብለን አታለልናቸው» ብለሽ በሳቅ ሞትሽ። ቀዩ ቲማቲም ሳይሆን ማርማላታ ነው፤ ነጩ አይብ ሳይሆን የተፈቀፈቀ ኮኮናት ነው፤ ወይራ የሚመስለው የተድቦለቦለ ቸኮላታ ነው። እኔ ፒዛ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እውነተኛውን ሳላይ የውሸቱን ለመድኩት። አንቺ ፉርኖ ዱቄቱን በቅቤና በስኳር ታሺዋለሽ፣ ቸኮላታውን በሙቅ ውሃ ላይ ታቀልጪዋለሽ። እጅሽ ስለሚንቀጠቀጥ ማስጌጡ የእኔ ነበር፤ የእኔ እጅ ጥልፍ የለመደ ነው። ወረቀት እንደ ቆሎ ሻጮች ጠቅልለሽ ጫፉን በጥርስሽ ትቆርጪልኛለሽ፤ እኔ በዚያ አበባ፣ ሐረግ፣ የተባልኩትን ሁሉ እሥላለሁ። በዓመት ውስጥ የኮልፌ ክርስትናና ልደት ያለ እኛ ፒዛ አያምርም ተባለ።

ከዚያ የወሊሶው ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። አርባን የተሻገረ ነው፤ አንቺ ዐሥራ ስድስት። ቆርቆሮ የለበሰ ሱቅ አለው ሲሉኝ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። አንቺ ልትናገሪ ስትጀምሪ «አፍሽን ያዢ፣ ሰው ይሰማል» እልሽ ነበር። ስንት ጊዜ እንዳልኩሽ ቁጥሩን አላውቅም።

የቀጠሮው ቀን ትልቁን ፒዛ ጋገርን። «እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ጻፊልኝና እገለብጠዋለሁ» አልኩሽ። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሰጠሽኝ። «ስምንት ቁራጭ ስለሆነ ስምንት ፊደል ይበቃዋል፤ በየቁራጩ አንድ አንድ አድርጊ» አልሽኝ። ስምንቱንም ዙሪያውን ገለበጥኳቸው። አንዱ መስቀል ይመስላል፣ አንዱ ጉልበቱ የታጠፈ፣ አንዱ እግረ ብዙ። እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ እጄን ታይ ነበር እንጂ ፒዛውን አላየሽም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ከሦስቱ ፊደል የሚያውቁት አቶ ወልዴ ብቻ። ትሪውን መሐላቸው አኖርኩት። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ዳቦ ነው እንዳልል ጥቁር፣ ጭቃ ነው እንዳልል የሚጣፍጥ ይመስላል» አሉ አንደኛው፤ ሳቅን። አቶ ወልዴ መነጽራቸውን አወጡ። ትሪውን በጣታቸው ቀስ ብለው ሙሉ ዙር አዞሩት። ከዚያ ቀና ብለው አንቺን አዩሽ። አንቺ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር።

«ምን ይላል?» አልኳቸው፣ እንዲያመሰግኑኝ ብዬ።

«እንኳን ደስ አላችሁ ነው የሚለው» አሉ። «ልጅሽ ባለሙያ ናት።» ያዘዝኩሽ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እንደነበር እንኳ ልብ አላልኩም።

ማስታጠቢያው ከእጅሽ ወደቀ። እኔም በሰው ፊት «እጀ ሰባራ!» ብዬ ሰደብኩሽ። ቢላውን ያነሡት አቶ ወልዴ ናቸው፤ ከዚያ በፊት በሰው ቤት ቢላ ሲያነሡ አይቼ አላውቅም። ሦስቱ ሁለት ሁለት በሉ። አንዱ ቁራጭ ለድንቄ ደረሳት፣ አንዱ ለእኔ። የእኔው እግረ ብዙው ነበር። ጣፍጦኝ ጣቴን ላስኩ።

ለነጋዴው ዳርኩሽ፤ በተዳርሽ በዓመትሽ ከወሊሶ የጭነት መኪና ሾፌር መጥቶ በወሊድ ማለፍሽን ነገረኝ። ሕፃኑም አልተረፈም። እኔ ስደርስ ተቀብረሻል።

አርባሽ ካለፈ በኋላ ከጦር ኃይሎች አካባቢ የአንድ ወታደር ሚስት ለክርስትና አዘዘችኝ። «አበባ ብቻ» አለችኝ። እጄ አበባ ሊሥል ተነሣ፤ ስምንት ቅርጽ ሠርቶ ተቀመጠ። ወረቀትሽን ሽማግሌዎቹ በመጡበት ቀን እሳት ለኩሼበታለሁ፤ ቅርጾቹን የገለበጥኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እጄ ግን አንዱንም አልሳተ። ቢላ አሙቄ ፋቅኋቸው፤ አዲስ ቸኮላታ አፈሰስኩበት። በማግስቱ ክዳኑን ብከፍት በጥቁሩ ላይ ነጭ ሆነው ወጥተዋል፤ አመድ በነካ ጣት የተጻፉ ይመስላሉ። ሲኞራዋ ቸኮላታ ሲቆይ ይነጣል ትል እንደነበር ነግረሽኛል። ይነጣል። በቅርጽ ይነጣል ወይ?

ከዚያ ወዲህ ኮኮናቱን አብዝቼ እሸፍናቸው ጀመር። አንዳንዱ ባለ ድግስ ማንበብ የሚችል ነበር፤ ኮኮናቱን ሲያነሣ ያየው ይመስለኛል። አንድም ሰው ምንም አላለኝም። በልተው፣ መርቀው፣ ሄዱ። በሰፈሩ ሰው የተማረርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ለምን እንደተማረርኩ ግን ገና አላወቅሁም ነበር።

አምና አንዲት ሴት ከአየር ጤና ለልጇ ልደት ልትወስድ መጣች። ክዳኑን ከፍታ ዙሪያውን አነበበች። ነጠላዋን አውልቃ ፒዛውን እንደ ሬሳ ሸፈነችው። «ምን ይላል?» ብላት «እትዬ፣ ራስዎ ቢያነቡት ይሻላል» ብላ እያለቀሰች ወጣች። ፒዛውን ጥላው ሄደች።

በሳምንቱ በሰፈራችን ት/ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ለሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። አስተማሪዋ ያንቺ እኩያ የምትሆን ልጅ ናት። ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆማ በጠመኔ ትጽፋለች፤ እኛ አሮጊቶቹ እንደ ሕፃን እየጮኽን እንከተላታለን። «እማማ፣ የእርስዎ ጽሕፈት ከእኔ ይበልጣል፤ የት ለመዱት?» ትለኛለች።

ስምንቱ ቅርጾች አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ። መጀመሪያ ማ መጣ። ጉልበቱ የታጠፈው ስ ነበር፤ መስቀሉ ት። ቆየት ብሎ ኝ፣ ከዚያ አ እና እ፣ ከዚያ ዬ። በመጣ ቁጥር ወንበሬ ላይ አንድ ሰው አጠገቤ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር፤ በስተግራዬ፣ አንቺ ትቆሚበት በነበረው በኩል። የቀረኝ እግረ ብዙው ብቻ ሆነ፤ ያ በአፌ የበላሁት። ሰባቱን አሰካክቼ የትኛው ፊደል እንደሚጀምር ሳውቅ ስምንተኛውን ላለማወቅ ቤቴ ቀረሁ። ሦስት ሳምንት ታመምኩ አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ፈርቼ ነው።

አስተማሪዋ ቤቴ ድረስ መጣች። «እማማ፣ ጠን ጨርሰናል፤ ነገ ጨ ነው። ይህን ያህል መጥተው አይተዉት» አለች። በማግስቱ ሄድኩ። ጨ፣ ጩ ብላ ጻፈች፤ ሦስተኛውን ስትጽፍ እግረ ብዙው ከሰሌዳው ላይ አየኝ። ክፍሉ ሁሉ «ጪ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ክፍሉን ያረረ ቸኮላታ ሸተተው። እኔ ብቻ የሸተተኝ መስሎኝ ነበር፤ አስተማሪዋ ግን ጠመኔዋን አቁማ «ማነው ቸኮላታ የያዘ?» አለች። ሴቶቹ ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ።

እማዬ አትስጪኝ።

እንደማላነብ ታውቂያለሽ። ከሦስቱ አንዱ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ነበር ያሰብሽው። በአፍሽ እንዳትናገሪ የከለከልኩሽን በእጄ አስጻፍሽኝ። እኔም አሳምሬ ጽፌ፣ አቅርቤ፣ ከፋፍዬ በላሁት።

አቶ ወልዴ ዘንድ ሄጄ ልጮኽባቸው ተነሥቼ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። እርሳቸው አንድ ጊዜ ዋሹ፤ እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አልሰማሁሽም።

ከዚያ ባለፈው ጥር ድንቄ መጣች። ለልጇ ለየሺ ሽማግሌ ይመጣል። «እንደ ውብነሽ ጊዜ አድርጊልኝ» አለችኝ፤ ሳታስበው ነው ያለችው። የሺ ዐሥራ አምስቷ ነው። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። አበባ ብቻ ለመሥራት ቆርጬ ተቀመጥኩ። እጄ ያው ያደረገውን አደረገ። አልፋቅሁትም። ኮኮናት ጣት በሚያህል ውፍረት ጫንኩበትና ተሻግሬ ወሰድኩት።

ከሽማግሌዎቹ መሐል አቶ ወልዴ ተቀምጠዋል፤ ከማርጀታቸው በቀር ያው ናቸው። ትሪውን አስቀመጥኩ። ከመስኮቱ የቀትር ፀሐይ ይገባል። ኮኮናቱ ማንም ሳይነካው ወደ ቸኮላታው መስጠም ጀመረ፤ በስምንት ቦታ ብቻ። ሁላችንም እያየን ፊደሎቹ ተገለጡ። አቶ ወልዴ መነጽራቸውን አወጡ፤ ላባቸው በአፍንጫቸው ወረደ።

«ምን ይላል አባባ?» አለች ድንቄ።

«እንኳን ደስ አላችሁ ነው የሚለው» አሉ። ድምፁ የዚያን ቀን ድምፅ ነው፤ ቃሉም ያው ነው።

«እንደሱ አይልም» አልኩ። የሰው ቤት መሆኑን ረሳሁ። ጣቴን የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ አደረግሁ። እንደ ተማሪ እየጎተትኩ «እ... ማ... ዬ...» አልኩ። ትሪውን ሳዞረው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የእኔ እጅ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። «አ... ት... ስ...» ብዬ እግረ ብዙው ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ። የበላሁት ፊደል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

የሺ ማስታጠቢያ ይዛ በሩ ላይ ነበረች። ፒዛው ከቆመችበት አይታይም። ፊደሉን ማንም አልነገራትም።

«አትስጪኝ» አለች።

ድንቄ ወደ ልጇ ዞረች። ያን ቀን እኔ ያልዞርኩትን ዞረች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ አቶ ወልዴ መነጽራቸውን ረስተውት ሄዱ፣ መልሰውም አልጠየቁም። ፒዛውን ማንም አልቆረጠውም።

ድንቄ ሁለት ወር አኩርፋኝ ነበር። ልጅቱ ግን አልተሰጠችም። ጠዋት ጠዋት ደብተሯን ይዛ በደጄ ታልፋለች። ቀና ብላ አታየኝም፤ ትፈራኛለች መሰለኝ። ትፍራኝ፤ ትለፍ ብቻ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ የራሴ ሆነ። አበባ ስል አበባ ይሥላል፣ ሐረግ ስል ሐረግ። ጨርቅሽም ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሦስት ጊዜ ጋግሬ፣ ቸኮላታውን ይዤ፣ እጄን ዝም ብዬ ጠበቅሁት። ምንም። ሁለተኛ የሞትሽብኝ መሰለኝ።

ስለዚህ እስክሪብቶ ገዛሁ። አሁን ስለ ሁለቱ ወረቀቶች ልንገርሽ። የመጀመሪያውን «ልጄ» ብዬ ልጀምር ነበር። እጄ «እማዬ» ብሎ ጀመረ። ወደ ጎን አድርጌው ሁለተኛ አነሣሁ፤ ደግሞ «እማዬ»። ጽሕፈቱ የእኔ አይደለም። ይንቀጠቀጣል።

ሽማግሌዎቹ ላንቺ የመጡበት ቀን በየዓመቱ በመጣ ቁጥር ትልቁን ፒዛ እጋግራለሁ። ስምንቱን ፊደሎች እጽፍበታለሁ፤ ደጄን ለረገጠ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ቢላ አይነካውም። በሕይወት እስካለሁ ይህን አላጓድልም።

ሁለቱን ወረቀቶች አልጣልኳቸውም። ከዚህኛው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻቸዋለሁ። «እማዬ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። አሁን ማንበብ እችላለሁ፣ ልጄ፤ ያሻሽን ያህል ጻፊ። እስክሪብቶውን ሳልከድነው ትቼልሻለሁ።

እናትሽ