ሙዝ የማይገባበት ጀልባ

ማሪት ልጄ፣ ባሕሩንም ሰማዩንም የሚጠብቅ አምላክ በሰላም አድርሶ ዓይናችሁን ያሳየኝ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ብቻ ዝናብ ሲመጣ ያመዋል፤ እዚህ ፒተርስበርግ ደግሞ መቼ ሳይዘንብ ውሎ ያውቃል።

በደስታ ነው የምጽፍልሽ። በመጣችሁ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የዓሣ አጥማጁን የሌፍን ጀልባ ሙሉ ቀን ለእኛ ብቻ ተከራይቻለሁ። የሳልሞን ዓሣው ወደ ባሕራችን ገብቷል፤ ጎረቤቶቻችን ክንድ የሚያህል እየያዙ ነው። ለልጆቹ ወፍራም ሹራብ አትርሺ።

አባትሽ ግን «ያ ሙዝ በላተኛ አማችሽ ከሄደ እኔ የለሁበትም» ብሏል። የዛሬ ስድስት ዓመት ባልሽ ዳንከን ጀልባው ላይ ሙዝ ልጦ የበላ ዕለት ባዶ እጃችንን መመለሳችንን እሱ እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ሙዝ የገባበት ጀልባ ዓሣ አይይዝም፤ ይህን እዚህ ሕፃን ያውቀዋል» ይላል።

ትናንት መጋዘን ስገባ አባትሽ ከመረቡ ጀርባ የደበቀውን አየሁ። ሦስት ጥንድ አዲስ የጎማ ቦት ጫማ ነው፤ ሁለቱ የልጆች፣ አንዱ ታንኳ የሚያህል። እኛ ቤት እንዲህ ያለ እግር ያለው ባልሽ ብቻ ነው።

ማየቴን እንዳትነግሪው። መንገዳችሁ የቀና ይሁን፣ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ቅዳሜ ጠዋት የዳንከንን ቦርሳ አንቺው ፈትሺልኝ።

እናትሽ ሲግን